ለካቢናችሁ ሚኒ ስፕሊት ስትመርጡ፦ በጃንዋሪ ሌሊት ብርድ እንዳይመታችሁ

ሚኒ ስፕሊት አንዱ ክፍሉ ውጪ የሚቀመጥ፣ ሌላው ውስጥ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ የሚያሞቅም የሚያቀዘቅዝም ማሽን ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ሸናንዶዋ አካባቢ ወይም ዌስት ቨርጂኒያ ተራራ ላይ ትንሽ ካቢን የገዛ ሰው የሚጠይቀው መጀመሪያ አንድ ነገር ነው፦ «ስንት ቢቲዩ ልግዛ?» (ቢቲዩ የሙቀት መለኪያ ነው፤ የማሽኑ አቅም በሰዓት በሚሰጠው ቢቲዩ ይቆጠራል።) ሻጩ የወለሉን ስፋት በስኩዌር ፊት ይጠይቀዋል፣ በ20 ያባዛል፣ ካርቶኑ ይጫናል። በሰመር ቤቱ ቅዝቅዝ ይላል፣ ሁሉም ደስተኛ ነው። ጃንዋሪ ሲመጣ ግን ሰውየው ሦስት ብርድ ልብስ ደርቦ ይተኛል።

እኔም ያው ነኝ። በመጀመሪያው ዓመት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነስቼ ቴርሞሜትሩን ሳየው 54 ዲግሪ ይላል። ማሽኑ አልተበላሸም፤ ያለ የሌለ ኃይሉን አውጥቶ እየሠራ ነበር። የተበላሸው ምርጫዬ ነው። ይህ መመሪያ እዚያ እንዳትደርሱ ነው። ዲግሪዎቹ ሁሉ ፋራናይት ናቸው፤ የሚያስፈልግ ሲሆን ሴልሺየሱን አብሬ እጽፋለሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት የምትይዙት

ረጅም ሜትር፣ ወረቀት፣ ካልኩሌተር፣ የእጅ ባትሪ እና ትንሽ ዕጣን። ዕጣኑ ቀልድ አይደለም፣ ደረጃ 2 ላይ ትሠሩበታላችሁ። የብሬከር ሳጥኑን ከፍታችሁ በስልክ ፎቶ አንሱ። በሩን ብቻ ነው የምትከፍቱት፤ በብሎን የታሰረውን የውስጥ ሽፋን አትንኩ።

ደረጃ 1፦ ካቢኑን እንዴት እንደምትጠቀሙበት ወስኑ

ሦስት ጥያቄዎች መልሱ። በብርዱ ወራት ሰው ያድርበታል? ማንም በሌለበት ሳምንት ውኃው ቧንቧ ውስጥ ይቆያል? መብራት ሲጠፋ ሌላ ማሞቂያ አለ?

በሰመር ብቻ የምትሄዱ ከሆነ ርካሹ ማሽን ይበቃችኋል፤ ከዚህ በታች ያለውን ግማሹን መዝለል ትችላላችሁ። በዲሴምበርና በጃንዋሪ እንግዳ የምታከራዩ ከሆነ ግን አንዱንም አትዝለሉ።

ደረጃ 2፦ መጀመሪያ ቀዳዳውን ድፈኑ

ነፋስ ያለበት ቀን ምረጡ። በርና መስኮት ዝጉ። የእንጨት ምድጃ ከነደደ አጥፉትና እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ፤ አለዚያ ቀጥሎ የምትከፍቱት ማራገቢያ ጭሱን ወደ ቤት ይስበዋል። ከዚያ የመታጠቢያ ቤቱን ማራገቢያ ክፈቱ። ዕጣኑን አጭሳችሁ በመስኮቱ ጠርዝ፣ በበሩ ሥር፣ በኤሌክትሪክ ሶኬቶቹ፣ ቧንቧ ወለሉን በሚበሳበት ቦታ ላይ ቀስ እያላችሁ አዙሩት። ጭሱ ቀጥ ብሎ ከመውጣት ይልቅ ወደ ጎን ከተገፋ እዚያ ቀዳዳ አለ። በእርሳስ ምልክት አድርጉ።

ትንንሹን በኮክ ማሸጊያ፣ ትልልቁን በፎም ድፈኑ። የወለሉን ሥር አትርሱ። ብዙ ካቢኖች በምሰሶ ላይ የቆሙ ናቸው፤ ብርዱ ከእግር ነው የሚገባው።

ይህን ሥራ ማሽን ከተገዛ በኋላ መሥራት ገንዘብ መድፋት ነው። ለምን እንደሆነ ቀጥሎ ባለው ሂሳብ ታዩታላችሁ።

ደረጃ 3፦ ካቢኑ በሰዓት የሚያጣውን ሙቀት አስሉ

ዋናው ደረጃ ይህ ነው። ግማሽ ሰዓት ይፈጃል።

በመጀመሪያ የብርዱን ሌሊት ምረጡ። ለአካባቢያችሁ በብርድ ወራት የተለመደውን ዝቅተኛ ሙቀት ፈልጉ፤ መቶ ዓመት ውስጥ አንዴ የመጣውን አይደለም። ለምሳሌያችን 5 ዲግሪ (ከዜሮ በታች 15 ሴልሺየስ) እንውሰድ። ውስጡ 68 እንዲሆን ከፈለግን ልዩነቱ 63 ዲግሪ ነው።

አሁን ለኩ። የግድግዳ፣ የጣሪያና የወለል ስፋት በስኩዌር ፊት ጻፉ። እያንዳንዱን ባለው የኢንሱሌሽን (ሙቀት እንዳይወጣ የሚይዘው ሙሌት) «አር» ቁጥር አካፍሉ፤ «አር» ትልቅ ሲሆን ሙቀት ይበልጥ ይይዛል። ሦስት ኢንች ተኩል ፋይበርግላስ አር-11 ወይም አር-13 ነው፤ ስድስት ኢንቹ አር-19። ባዶ የግንድ ግድግዳ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ሙቀት አይዝም፤ ባለ ስድስት ኢንች ግንድ አር-8 ገደማ ብቻ ነው።

መስኮትና በር ይለያሉ። ስፋታቸውን በ«ዩ» ቁጥር አባዙ፤ «ዩ» ከ«አር» በተቃራኒ ትልቅ ሲሆን ብዙ ሙቀት ያስወጣል። መስተዋቱ አንድ ንብርብር ከሆነ 1፣ የቆየ ድርብ ከሆነ 0.5፣ አዲስ ድርብ ከሆነ 0.3 ያዙ።

በቀዳዳ ለሚወጣው ሙቀት፣ የቤቱን ይዘት በኪዩቢክ ፊት አውጡና በ0.018 አባዙ፤ ከዚያ ለጥብቅ ቤት በ0.4፣ ለተራ ቤት በ0.7፣ ነፋስ ለሚያፏጭበት በ1 ወይም ከዚያ በላይ አባዙ።

ምሳሌ። 20 በ30 ፊት የሆነ፣ ባለ 8 ፊት ኮርኒስ ካቢን፦

- መስኮትና በር፦ 120 ሲባዛ በ0.5 = 60
- ግድግዳ፦ 680 ሲካፈል ለ11 = 62
- ጣሪያ፦ 600 ሲካፈል ለ19 = 32
- ወለል፦ 600 ሲካፈል ለ11 = 55
- የአየር ፍሳሽ፦ 4,800 ሲባዛ በ0.018፣ ሲባዛ በ0.7 = 60

ድምሩ 269 ነው። በ63 ዲግሪ አባዙት፤ ወደ 17,000 ቢቲዩ በሰዓት ይመጣል። በሻጩ አቆጣጠር 600 ሲባዛ በ20፣ 12,000 ነበር። የ5,000 ቢቲዩ ጉድለት ማለት ነው።

አሁን ደረጃ 2ን የሠራና ኢንሱሌሽን የጨመረ ሰው ምን እንደሚያተርፍ እዩ። ፍሳሹን ወደ 0.4 አወረደ፣ ወለሉን አር-19፣ ጣሪያውን አር-38 አደረገ። ድምሩ ወደ 205 ይወርዳል፣ ፍላጎቱም 13,000 ገደማ ይሆናል። አንድ ሙሉ የማሽን መጠን ቀነሰ።

*ሂሳቡ ካስቸገራችሁ፦* ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት ሰገነት ያለው ካቢን ላይ ነው። ኮርኒስ ከሌለ የምትለኩት የወለሉን ስፋት ሳይሆን ዘንበል ያለውን የጣሪያውን ስፋት ነው፤ ይዘቱም እስከ ጫፍ ይቆጠራል። የግድግዳው ውስጥ ምን እንዳለ ካላወቃችሁ፣ ብሬከሩን አጥፍታችሁ የአንድ ሶኬት ክዳን ፍቱና በባትሪ በጎኑ ተመልከቱ። ቴክኒሻን የምትቀጥሩ ከሆነ «ማኑዋል ጄ» የሚባለውን ሙሉ ስሌት እንዲሠራ ጠይቁት። የእናንተ ቁጥር የእሱን ለማመሳከር ይጠቅማል።

ደረጃ 4፦ የካርቶኑን ቁጥር ትታችሁ ሰንጠረዡን አንብቡ

ካርቶኑ ላይ «12,000» ተብሎ የተጻፈው የማቀዝቀዝ አቅሙ ነው፣ ያውም ውጪው 95 ዲግሪ ሲሆን። የማሞቂያ ቁጥሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ውጪው 47 ዲግሪ ሳለ የተለካ ነው። 47 ዲግሪ ላይ ጃኬት ይበቃል፣ ለዚያ ማሽን አልገዛንም።

የምትፈልጉት በ5 ዲግሪ የሚሰጠውን ከፍተኛ አቅም ነው። አምራቹ ለየሞዴሉ በሚያወጣው ዝርዝር ገጽ ላይ ታገኙታላችሁ። «ኒፕ» የሚባለው የሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ የኢነርጂ ድርጅት ለብርድ አገር የሚሆኑ ሂት ፓምፖችን (ሚኒ ስፕሊትም አንዱ ዓይነት ነው) ዝርዝር በኢንተርኔት በነፃ ያወጣል፤ እዚያ ለእያንዳንዱ ሞዴል በ47፣ በ17 እና በ5 ዲግሪ ትንሹና ትልቁ አቅም ተቀምጧል። ከዝርዝሩ ለመግባት ማሽኑ በ5 ዲግሪ ሲኦፒው ቢያንስ 1.75 መሆን አለበት። ሲኦፒ ማለት ለከፈላችሁበት አንድ እጅ ኤሌክትሪክ ስንት እጅ ሙቀት እንደምታገኙ ነው።

ተራ 12,000 ማሽን በ5 ዲግሪ ከስሙ ብዙ ይወርዳል። ለብርድ የተሠራው ግን ስሙን ይጠብቃል፣ አንዳንዱም 13,000 አልፎ ይሰጣል። የሚትሱቢሺ «ሃይፐር ሂት»፣ የዳይኪን «ኦሮራ»፣ የፉጂትሱ «ኤክስኤልቲኤች»፣ የግሪ «ሳፋየር» የዚህ ወገን ናቸው። በአንድ ብራንድ ውስጥ ተራውም የብርዱም ስላለ ስሙን አይታችሁ አትመኑ። ሙሉ የሞዴል ቁጥሩን ይዛችሁ ፈልጉ።

ማስጠንቀቂያ፦ «እስከ ከዜሮ በታች 13 ዲግሪ ይሠራል» የሚለው ጽሑፍ አያታልላችሁ። ይሠራል ማለት አይጠፋም ማለት ነው። ስንት ሙቀት እንደሚሰጥ ሌላ ጥያቄ ነው።

ቀጥሎ ትንሹን አቅም እዩ። ኦክቶበር ላይ ካቢናችሁ 3,000 ቢቲዩ ብቻ ይበቃው ይሆናል። ማሽኑ ከ6,000 በታች መውረድ ካልቻለ በየአሥር ደቂቃው እየጠፋ እየበራ ይሄዳል። በሰመር ደግሞ ቤቱን ቶሎ አቀዝቅዞ ይጠፋና እርጥበቱን ሳያወጣ ይተወዋል፤ አንሶላው ሁሉ እርጥብ እርጥብ ይላል። ለዚህ ነው «ለማንኛውም ትልቁን ልግዛ» የሚለው መላ የማይሠራው።

ሲር 2 እና ኤችኤስፒኤፍ 2 የተባሉት የቁጠባ ቁጥሮች ከጃንዋሪ 2023 ወዲህ በአዲስ አለካክ የመጡ ናቸው። ከድሮው ሲር ጋር አታወዳድሯቸው፣ አለካኩ ይለያያል። ለካቢን ከነሱ ይልቅ የ5 ዲግሪው አቅም ይበልጥብኛል።

ከ5,000 ፊት ከፍታ በላይ ያላችሁ፣ ለምሳሌ ኮሎራዶ፣ አየሩ ስስ ስለሆነ አቅሙ ይቀንሳል። የከፍታ ማስተካከያ ሰንጠረዡን ከአምራቹ ጠይቁ።

ደረጃ 5፦ አንድ ወይስ ብዙ የውስጥ ማሽን?

አንድ ሰፊ ክፍል ላለው ካቢን አንድ የውጪ፣ አንድ የውስጥ። አበቃ።

ሁለት መኝታ ቤት ካለ ሻጩ አንድ የውጪ ማሽን ላይ ሦስት የውስጥ ይሰቅልላችኋል። አትቸኩሉ። ትንሽ መኝታ ቤት 2,000 ቢቲዩ ሊበቃው ይችላል፤ ትንሹ የውስጥ ማሽን ግን ብዙ ጊዜ 6,000 ነው። የጋራው የውጪ ማሽንም በጣም ዝቅ ብሎ መሥራት አይችልም። የኔ ምርጫ፦ ሳሎኑ ላይ አንድ ጥሩ ማሽን፣ የመኝታ ቤቱን በር ክፍት መተው፣ መታጠቢያ ቤትና መኝታ ቤት ላይ ባለ ቴርሞስታት ትንሽ ግድግዳ ላይ የሚታሰር የኤሌክትሪክ ማሞቂያ። በሩ የግድ የሚዘጋ ከሆነና በጀት ካለ፣ ሁለት የተለያዩ አንድ ለአንድ ማሽኖች ከአንድ የጋራ ይሻላሉ። አንዱ ሲበላሽ ሌላው ይተርፋችኋል።

ደረጃ 6፦ መብራቱ ይችላል?

ያነሳችሁትን ፎቶ አውጡ። አብዛኛው ሚኒ ስፕሊት 230 ቮልት ነው፤ 9,000 እና 12,000 ከሆነ በ115 ቮልት የሚሠራም ይገኛል። የትኛውም ቢሆን የራሱ ብሬከርና የራሱ መስመር ይፈልጋል። ከሌላ ሶኬት መስመር ተቀጥሎ አይሠራም።

የማሽኑ ሰሌዳ ላይ ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ አንዱ ለሽቦው ውፍረት፣ ሌላው ብሬከሩ ማለፍ የሌለበት መጠን ነው። ለኤሌክትሪሺያኑ ሁለቱንም ላኩለት። ከውጪው ማሽን አጠገብ፣ ከማሽኑ ሆኖ የሚታይ ማጥፊያ ሳጥን መኖር አለበት። የገጠር መብራት ስለሚዋዥቅ የሰርጅ መከላከያ አብራችሁ አስገጥሙ፤ የማሽኑ ቦርድ ከተቃጠለ ውድ ነው።

ጀነሬተር ወይም ሶላር ላላችሁ፦ 13,000 ቢቲዩ በሲኦፒ 2 ለማግኘት 1.9 ኪሎዋት ገደማ ይበላል። ያንኑ ሙቀት በተራ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ብታወጡት 3.8 ይሆናል።

ደረጃ 7፦ ጋዙና ገጣሚው

ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ በአሜሪካ ለቤት የሚሆኑ አዳዲስ ማሽኖች በአር-410ኤ ጋዝ (ማሽኑ ውስጥ እየዞረ ሙቀቱን የሚሸከመው) አይመረቱም። አዲሶቹ በአር-32 ወይም በአር-454ቢ ይሠራሉ። (ይህ «አር» ከኢንሱሌሽኑ «አር» ጋር አይገናኝም፤ ስም ጠፍቶ ነው።) አዲሶቹ ጋዞች በመጠኑ ተቀጣጣይ ስለሆኑ መመሪያው የሚያዘውን ትንሹን የክፍል ስፋት ተመልከቱ። የድሮ ክምችት በርካሽ ሲቀርብላችሁ መለዋወጫውና ጋዙ እየተወደደ ሊሄድ እንደሚችል አስቡበት።

ጋዝ የሚነካ ሰው «ክፍል 608» የሚባለው የፌዴራል ፈቃድ ያስፈልገዋል። ራሳችሁ ልትገጥሙ ከሆነ ቱቦው ጋዝ ተሞልቶ የሚመጣውን ዓይነት ብቻ ግዙ፤ ሚስተር ኩል በዚህ ይታወቃል። የተሞላ ቱቦ ግን አይቆረጥም። ከረዘመባችሁ የትርፉን አጠቃለል መመሪያው እንዳለው አድርጉ። ሌላውን ዓይነት ገዝታችሁ ራሳችሁ ከገጠማችሁት ደግሞ ዋስትናው ሊቀርባችሁ ይችላል፤ ከመክፈላችሁ በፊት የዋስትናውን ወረቀት አንብቡ።

ቴክኒሻን ስትቀጥሩ ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ቱቦውን በናይትሮጅን ትፈትሻለህ? ቫኪውሙን እስከ 500 ማይክሮን ታወርዳለህ? የቱቦውን አፍ በቶርክ መፍቻ ታጠብቃለህ? «አያስፈልግም፣ በእጄ አውቀዋለሁ» ካለ ሌላ ፈልጉ። ጋዝ የሚፈሰው በአብዛኛው ከዚያ ማያያዣ ነው።

ደረጃ 8፦ ቦታ

የውጪውን ማሽን በአካባቢው ከሚጠራቀመው በረዶ ከፍ ባለ የብረት ማቆሚያ ላይ አስቀምጡ። የጣሪያ ውኃ የሚንጠባጠብበት ሥር አታድርጉ፤ ውኃው ፊቱ ላይ በረዶ ይሠራል። በብርድ አገር ከሥሩ የውኃ መሰብሰቢያ ማሞቂያ ያለውን ሞዴል ምረጡ።

የውስጡን ማሽን መኝታ ሰገነቱ ላይ አትስቀሉ። ሙቀት ወደ ላይ ስለሚወጣ ማሽኑ «ሞቋል» ብሎ ያርፋል፣ እናንተ ታች ትበርዳላችሁ። ከእንጨት ምድጃው በላይም አይሆንም። ከኩሽናው አርቁት። የሽንኩርት ቁሌት ቅባትና የበርበሬ ብናኝ ማጣሪያው ላይ ተለጥፎ በአንድ ዓመት ውስጥ አየሩን ያፍነዋል። የፍሳሽ ቱቦው በየአንድ ፊቱ ሩብ ኢንች ወደ ታች ያዘንብል። ግድግዳው የተበሳበትን ቀዳዳ አይጥ እንዳይገባበት አጥብቃችሁ ድፈኑ፤ ሽቦ ይበላል።

ደረጃ 9፦ ሰው በሌለበት ጊዜ

ብዙ ማሽን ሪሞቱ ላይ ከ60 ወይም ከ61 ዲግሪ በታች አይወርድም። ለባዶ ካቢን ይህ ብዙ ነው። በ46 ወይም በ50 ዲግሪ ቤቱን የሚጠብቅ ሁነታ ያለውን ምረጡ፤ ፉጂትሱና ግሪ እንዲህ ያሉ ሞዴሎች አሏቸው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ በራሱ እንደሚነሳም አረጋግጡ።

ይህ ሁሉ ኖሮም ለቧንቧ አትመኑት። ማሽኑ የሚያሞቀው ክፍሉን ነው፤ ከወለል በታች ያለውን ቧንቧ አይደርስበትም። ስትሄዱ ዋናውን ውኃ ዝጉ፣ ቧንቧዎቹን ክፈቱና አፍስሱ። ውኃውን ከማፍሰሳችሁ በፊት የውኃ ማሞቂያውን ብሬከር ማጥፋትም አትርሱ።

መጠባበቂያ ማሞቂያ ይኑራችሁ፦ የእንጨት ምድጃ ወይም ጭሱን ወደ ውጪ የሚያስወጣ የፕሮፔን ማሞቂያ። የከሰል ምድጃ ለማሞቂያ ብላችሁ ቤት ውስጥ አታስገቡ። ቡና ለማፍላትም ቢሆን ውጪ በረንዳ ላይ አድርጉት፤ ያልጠፋ ከሰል መልሳችሁ አታምጡ። ቀዳዳውን ሁሉ በደፈናችሁት ቤት ውስጥ የከሰል ጋዝ ሽታ ሳይኖረው ይገድላል። በእያንዳንዱ መኝታ አጠገብ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ስቀሉ።

ደረጃ 10፦ ከመፈረማችሁ በፊት

ቢያንስ ሦስት ዋጋ ሰብስቡ። እያንዳንዱ ላይ ሙሉ የሞዴል ቁጥር፣ በ5 ዲግሪ ያለው አቅም፣ ማቆሚያው፣ የኤሌክትሪክ ሥራውና ፈቃዱ በጽሑፍ ይኑር። ካቢኑ ድረስ መጥቶ የሚጠግን ሰው በአካባቢው መኖሩን አጣሩ፤ ይህ ለኔ ከብራንድ ይበልጣል። «30 በመቶ ከፌዴራል ታክስ ይመለስላችኋል» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ፣ ያ ለሂት ፓምፕ ይሰጥ የነበረው እስከ 2,000 ዶላር ተመላሽ እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 2025 ለተገጠመ ብቻ ነው። የስቴቱንና የመብራት ኩባንያውን ድጎማ ለየብቻ ጠይቁ፤ ለሁለተኛ ቤት ይሠራ እንደሆነም አብራችሁ።

ደረጃ 11፦ በመጀመሪያው ብርድ ፈትኑት

ብርድ የሆነ ቅዳሜና እሁድ ምረጡ። አርብ ማታ 68 ላይ አድርጋችሁ «ሂት» ላይ ተዉት፤ «አውቶ» አትበሉ። ሦስት ርካሽ ቴርሞሜትር አስቀምጡ፦ ሳሎን፣ መኝታ ቤት፣ መታጠቢያ ቤት። ጠዋት አንብቡና የውጪውን ሙቀት ጨምራችሁ ጻፉ።

የውጪው ማሽን አልፎ አልፎ ቆሞ እንፋሎት ካወጣ አትደንግጡ፤ በረዶውን እያቀለጠ ነው። ግን ከነጭራሹ በበረዶ ግግር ከተሸፈነና ካልለቀቀ አጥፉትና ቴክኒሻን ጥሩ። በመዶሻ ወይም በቢላ አትፈልፍሉት፣ ቱቦው ይበሳል።

ቤቱ ቀዝቅዞ ቆይቶ ከመጣችሁ ለመሞቅ ብዙ ሰዓት ይወስዳል፤ ያ ጉድለት አይደለም። ሪሞቱን 85 ማድረስም አያፋጥነውም። ከመድረሳችሁ ግማሽ ቀን በፊት በስልክ አብሩት፣ እስኪሞቅ ደግሞ እንጨት አንድዱ።

ሌሊቱን ሙሉ ሠርቶ ሳሎኑ 68 ካልደረሰ መጀመሪያ ማጣሪያውን እጠቡ፣ ቀጥሎ ዕጣኑን ይዛችሁ ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ። ያም ሆኖ ከጎደለ፣ ስሌታችሁ ላይ ካለው ቁጥር ማሽኑ በዚያ ብርድ የሚሰጠውን ቀንሱና ቀሪውን ለ3,412 አካፍሉ። የሚመጣው ቁጥር ግድግዳ ላይ የምትጨምሩት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ኪሎዋት ነው።